የእድገት መዘግየትና የባሕርይ ችግር ላለበት ልጅ አዳሪ የሕክምና ማዕከል ሲመርጡ

ልጅዎን ወደ አዳሪ ማዕከል ከማስገባትዎ በፊት ሐኪም በሚገባ እንዲመረምረው ያድርጉ፤ ሕመሙን በቃል መግለጽ የማይችል ልጅ ጥርሱን ሲያመው ወይም የሆድ ድርቀት ሲይዘው ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ሊያጋጭ ይችላልና። ማዕከሉን ሲጎበኙ ከሕንጻው ውበት ይልቅ ስለ ሌሊቱ ተረኛ ይጠይቁ፦ አንድ ሠራተኛ ስንት ልጆችን ይጠብቃል፣ ልጅ ሲቆጣ በኃይል ይዞ መግታት ወይም ለብቻው መዝጋት ይፈቀዳል ወይ፣ ከተፈቀደስ እንዴት ይመዘገባል፣ ለወላጅስ መቼ ይነገራል? መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል። የሕክምና ዕቅዱ ከቁጣው በፊትና በኋላ የሆነውን በመመዝገብ ላይ የተመሠረተ፣ ልጁም የሚፈልገውን በሥዕል ወይም በምልክት መጠየቅ እንዲችል የሚያስተምር ሊሆን ይገባል። ወደ ቤት የሚመለስበት ዝግጅት ከገባበት ቀን ይጀመር፤ ወላጆች ዘዴውን አብረው ካልተለማመዱ በማዕከሉ የታየው ለውጥ ቤት ሲደርስ በቀላሉ ሊጠፋ ይችላል።