ማሽኑ ልኬት ሲስት ከሴቲንጉ በፊት ስህተቱን ለኩ

የሲኤንሲ ማሽን (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) ልኬት ሲስት ብዙዎች በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥር መነካካት ይጀምራሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መጀመሪያ ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ። ለዚህ አንድ ዳያል ጌጅ (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ይበቃል።

ጌጁን የማይንቀሳቀስ ቦታ ላይ እሰሩ። አክሲሱን (ማሽኑ ቀጥ ብሎ የሚንቀሳቀስበትን ክፍል) በአንድ አቅጣጫ አስጠግታችሁ መርፌው ትንሽ ሲዞር ዜሮ አድርጉት። 0.1 ሚሊሜትር ወደፊት፣ ከዚያ 0.1 ወደኋላ እዘዙ። መርፌው ዜሮ ላይ ካልተመለሰ የጎደለው ባክላሽ ነው፤ ማለትም በተያያዙ ክፍሎች መካከል ያለ ክፍተት። የቦል ስክሩውን (እየዞረ አክሲሱን የሚገፋውን ባለ ጥርስ ዘንግ) ነት፣ የጫፍ ቤሪንጎቹንና ማሰሪያ ብሎኖቹን ፈትሹ። በሶፍትዌር ማካካስ ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደውም። መቁረጫው ጠረጴዛውን በዚያ ክፍተት ውስጥ ሲጎትተው ሶፍትዌሩ አያውቅም።

ስህተቱ ከርቀቱ ጋር ካደገስ? 50 ስታዙት 49.5፣ 100 ስታዙት 99 ከሄደ ጥፋቱ ስሌቱ ላይ ነው። በዙር 200 ስቴፕ ያለው ሞተር፣ 16 ማይክሮስቴፕ (እያንዳንዱ ስቴፕ የሚከፋፈልበት ቁጥር) እና በዙር 5 ሚሊሜትር የሚሄድ ስክሩ ካላችሁ፣ ለአንድ ሚሊሜትር 640 ማይክሮስቴፕ ይሆናል። ልክ እጥፍ ወይም ግማሽ ከሄደ የድራይቨሩን (ሞተሩን የሚነዳውን ሰርኪት) ትንንሽ ማብሪያዎች እዩ።

አድካሚው ፕሮግራሙ በተደገመ ቁጥር እየተጠራቀመ የሚሄደው ስህተት ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ማሽኑን አጥፉና ከሞተሩ ዘንግ በካፕሊንጉ (ሞተሩንና ስክሩውን በሚያገናኘው) አልፎ እስከ ስክሩው የሚደርስ ቀጥ ያለ መስመር በማርከር አስምሩ። አሠርታችሁ ስታዩት መስመሩ ከተዛነፈ ካፕሊንጉ እየተንሸራተተ ነው፤ ብሎኑን አጥብቁ። መስመሩ እንዳለ ከሆነ ሞተሩ ስቴፕ እየጣለ ሊሆን ይችላል። ተራ ስቴፐር ሞተር የታዘዘበት መድረሱን ለኮንትሮለሩ አያሳውቅም፤ ስለዚህ አላርም አትጠብቁ። መጀመሪያ አክስለሬሽኑን በግማሽ ቀንሱ፣ ከዚያ ፍጥነቱን። ስቴፐር ፍጥነቱ ሲጨምር ጉልበቱ ይቀንሳል። ችግሩ ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ክፍል) ሲዞር ብቻ የሚመጣ ከሆነ የሲግናል ገመዱን ከስፒንድሉ ገመድ አርቁ። አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ከሸሸ ደግሞ የስቴፕ ሲግናሉ ፖላሪቲ (ከፍና ዝቅ የሚልበት አቀማመጥ) ተገልብጦ እንዳይሆን እዩ። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት ከሳተ ሙቀትን ጠርጥሩ። አንድ ሜትር የብረት ስክሩ በ1 ዲግሪ 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ግማሽ ሜትሩ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 0.06 ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ ካለባችሁ ማሽኑን መጀመሪያ በባዶው አሠርታችሁ አሙቁት።