በመስኮት የሚገባ ጠራራ ፀሐይ፦ ለደብረ ብርሃንና ለሸዋ ሮቢት ቤቶች ችግርና መፍትሄ

መጋረጃ ከመግዛታችሁ በፊት ያስቸገራችሁ ብርሃኑ ይሁን ሙቀቱ ለዩ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ፀሐዩ ዓይን ቢወጋም ቤቱ ሙቀቱን ይፈልገዋል። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ግን አስቸጋሪው ሙቀቱ ነው። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው አይሆንም፤ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣውም ይህ ሳይለይ ሲቀር ነው።

ዓይን ይወጋል፣ ቴሌቪዥኑ አይታይም፣ የክፍሉ ጥግ ግን ጨለማ ነው

ነጭ ወረቀት ፀሐዩ ያረፈበት ቦታ አስቀምጡና እጃችሁን 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጠርዙ ጥርት ካለ ጨረሩ ሳይበተን በቀጥታ እየገባ ነው። መፍትሄው ጨረሩን መበተን እንጂ ቤቱን ማጨለም አይደለም፤ ጥቁር መጋረጃ የሰቀለ ሰው ቀን በቀን አምፖል ያበራል።

ርካሹ ነገር ስስ ነጭ ጨርቅ ነው፤ አቡጀዲም ይሆናል። ሳይሰፋ በፊት እጠቡት፣ ጥጥ ስለሆነ ይሰበሰባል። ስፋቱ የመስኮቱን አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን፦ 120 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መስኮት ከ180 እስከ 240 ሳንቲ ሜትር። ተወጥሮ ከተሰቀለ በየጎኑ የፀሐይ ጨረር ያሳልፋል። ከመስኮቱ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር፣ በየጎኑም እንዲሁ ይትረፍ። ከመስታወቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ሌሊት መስታወቱ ላይ የሚቋጥረው ላብ የነካው ጨርቅ ይሻግታል። አንድ ድርብ ካልበቃ ሁለተኛ ነጭ ድርብ ጨምሩ። ባለ ቀለም ጨርቅ ግን ክፍሉን በራሱ ቀለም ይቀባዋል።

ወረቀቱን መልሳችሁ ፈትሹ። የጣቶቹ ጥላ ከደበዘዘ ተሳክቷል።

መጋረጃው ከተሰቀለ ወዲህ ቤቱ ቀዘቀዘ

ይህ የደጋ ችግር ነው። ጨርቁ በሚስማር ተመትቶ ስለቀረ የቀኑን ሙቀት ከልክሏል። በሽቦና በቀለበት ስቀሉት፤ ፀሐዩ ከመቀመጫችሁ ላይ ሲነሳ ግለጡት። ለውርጭ ሌሊት ከኋላው ወፍራም መጋረጃ ይጨመር።

መጋረጃው ተዘግቶም ቤቱ ይፈላል

በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ የሚያማርረው ይህ ነው። ጨረሩ አንዴ መስታወቱን ካለፈ መጋረጃውን ያግለዋል፣ መጋረጃውም ክፍሉን። ስለዚህ ፀሐዩን ከውጭ ማገድ ያስፈልጋል። ሰሌን ወይም የችግኝ ጥላ መረብ ከመስኮቱ ፊት አንጠልጥሉ፤ ከግድግዳው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ላዩም ክፍት ይሁን፤ የሞቀው አየር በዚያ ይወጣል። ነፋስ እንዳያንገላታው ታቹን በገመድ እሰሩት። ተራ ላስቲክ አትጠቀሙ፤ ፀሐይ ቶሎ ያደርቀውና ይሰነጣጠቃል።

አቅጣጫውንም እዩ። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ከፍታዋ 57 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከደቡብ መስኮት በላይ 80 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ የቆርቆሮ ጥላ 120 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውን መስኮት ይሸፍናል። ለምዕራብ መስኮት ይህ አይሠራም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጥላው ስር ትገባለች። እዚያ ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለ ሰሌን ይሻላል፤ ለምሥራቅ መስኮትም ጠዋት እንዲሁ።

ፀሐይ ለመከላከል መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ስቲከር አረፋ ያዘ፣ ወይም መስታወቱ ተሰነጠቀ

አረፋው የሚመጣው በአቧራ ላይ ወይም ፀሐይ ባጋለው መስታወት ላይ ሲለጠፍ ነው። ደመናማ ቀን ምረጡ። 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 5 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ መስታወቱንም የሚጣበቀውንም ገጽ አርጥቡ። ከዚያ በጨርቅ በተጠቀለለ የፕላስቲክ ካርድ ከመሃል ወደ ጠርዝ ግፉት። በዙሪያው 2 ሚሊ ሜትር ሳይለጠፍ ይቅር።

ስንጥቁ ግን ከጥቁር ስቲከር ይመጣል። በበጋ ውርጭ ባደረበት ጠዋት የመስታወቱ መሃል በፀሐይ ሲግል፣ የብረት መስኮቱ ውስጥ የገባው ጠርዝ ገና በረዶ ነው፤ መስታወቱ እኩል መለጠጥ ሲያቅተው ይሰነጠቃል። በደብረ ብርሃን ነጭ ደብዛዛውን ምረጡ፤ ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት ላይ ደግሞ ምንም አትለጥፉ።

ሶፋው ነጣ

ተራ መስታወት ቀለም የሚያነጣውን አልትራቫዮሌት በሙሉ አያግድም፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥርም ጨረሩ ይበረታል። የሚታየው ብርሃንም ያነጣል። ነጩ መጋረጃ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ሶፋውን ፀሐዩ ከሚያርፍበት ቦታ አርቁት።