የድሮ 135 ሚሜ ሌንስ ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) ካሜራ ላይ ፎቶ ሲያደበዝዝ የሰራልኝ ነገር

ኤም 42 ሌንስ፣ ያ እንደ ብሎን የሚጠመዘዘው፣ 135 ሚሜ፣ በአዳፕተር ሶኒ ፉል ፍሬም ላይ ገጠምኩት። መጀመሪያ ጭራሽ አላነሳም አለ፣ አዳፕተሩ ኤሌክትሮኒክስ ስለሌለው ካሜራው ሌንስ የለም ብሎ ነው የሚያስበው፣ እሱ ቀላል ነው ሜኑ ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሳትን መፍቀድ ብቻ።

ያስቸገረኝ ሌላው ነው። ፎቶው ሁሉ ትንሽ የተንቀጠቀጠ ይመስላል፣ በተለይ ሸተሩ 1/60 ሰከንድ አካባቢ ሲሆን፣ ትራይፖድ ላይ ግን ጥርት ይላል፣ ስለዚህ ሌንሱ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ጉዱ ያለው ካሜራው ውስጥ ያለው ስታቢላይዜሽን (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርመው) ላይ ነው። ሴንሰሩን ምን ያህል ማንቀሳቀስ እንዳለበት ለማስላት የሌንሱን ፎካል ሌንግዝ፣ ያን 135 ሚሜ የሚለውን ቁጥር፣ ማወቅ አለበት፣ የድሮ ሌንስ ደግሞ ምንም አይነግረውም። ስቴዲሾት (ሶኒ ስታቢላይዜሽኑን የሚጠራበት ስም) ሴቲንግ ገብታችሁ ማስተካከያውን ከአውቶ ወደ ማንዋል ቀይሩና 135 አስገቡ፣ በቃ። አሁን እዛው 1/60 ላይ በእጅ ይዤ የሹራብ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ሌንስ በቀየራችሁ ቁጥር ግን ቁጥሩንም ቀይሩ፣ 135 ላይ ትታችሁት 28 ብትገጥሙ ካሜራው ከልክ በላይ እያረመ እሱ ራሱ ያንቀጠቅጠዋል። (ዙም ከሆነ ደግሞ አሰልቺ ነው፣ እኔ ትቼዋለሁ።)

አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ) እያዞራችሁ ብርሃኑ አልቀየር ካለ ሌንሱ ላይ ኤ እና ኤም የምትል ማንሸራተቻ ፈልጉና ኤም ላይ አድርጓት። ከሌለች ከኋላ ያለችውን ፒን የሚጫን ከንፈር ያለው አዳፕተር ነው የሚያስፈልጋችሁ። የሩቁ ነገር ፎከስ አልገባ ካለ የአዳፕተሩን ውፍረት ለኩ፣ ኤም 42 ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ የሚፈልገው ርቀት 45.46 ሚሜ ነው፣ የሶኒው 18፣ ስለዚህ ከ27.46 ከወፈረ ሩቁ አይጠራም።