የሙዚቃ መጽሔት ገጽ ስትተነትኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ዲዛይን የማስተምራቸውን ወጣቶች የቤት ሥራ ሳርም ዘወትር የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፤ ዓይናቸው ያየውን እጃቸው አይጽፈውም። ስለ አንድ ድምፃዊ የተጻፈ ፊቸር (ሰፋ ያለ ትረካዊ ጽሑፍ) ሰጥቼ የገጹን ንድፍ እንዲተነትኑ ስጠይቅ፣ ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ቆጠራን ትንተና ማድረግ ነው። «ርዕሱ ትልቅ ነው፤ ፎቶግራፉ ሙሉ ገጽ ይዟል፤ ጽሑፉ በሦስት ዓምድ ተከፍሏል።» ይህ የዕቃ ዝርዝር ነው። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ መጽሔት ገልጠን ነበር። በግራው ገጽ ጋቢ የለበሱ አዛውንት አዝማሪ ማሲንቋቸውን ይዘዋል፤ በቀኙ ጽሑፉ ይጀምራል። አንዲት ተማሪ «ፎቶግራፉ ማራኪ ነው» ብላ አልፋው ነበር። ዓይኗ የሄደበትን መንገድ በጣቷ እንድትከተል ነገርኳት። ከፊታቸው ወደ እጃቸው፣ ከእጃቸው ወደ ደጋኑ ወረደች፤ የደጋኑ ጫፍ የሚያመለክተው የጽሑፉን የመጀመሪያ ትልቅ ፊደል ነው! ወዲያው «ፎቶግራፉ አንባቢውን እጁን ይዞ ወደ ንባቡ ያስገባዋል» ብላ ጻፈች። እኔ ትንተና የምለው ይህን ነው፤ ያዩት ነገር ምን እንደሚሠራ መናገር።

ሁለተኛው ስህተት ለቀለም ከውጭ ትርጉም ማምጣት ነው። «ቀይ የፍቅር ምልክት ነው» ይባላል፤ በየትኛው ገጽ ላይ? በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም ቅዱሳት ስሞችንና የንባብ መክፈቻዎችን ይለያል፤ በአንኮበርም ሆነ በመንዝ ዳዊት የደገመ ሰው ይህን በዓይኑ ያውቀዋል። ቀለም የሚፈታው በአጠገቡ ባለው ነገር ነው። የርዕሱ ቀይ በድምፃዊቷ ሻሽ ላይ፣ ደግሞም ተነጥሎ በጎላው ጥቅስ ላይ ከተደገመ ሦስቱን አስተሳስሯል ማለት ነው። ያንን ጻፉ።

የውጭ መማሪያ መጻሕፍት በትልልቅ ፊደላት ብቻ የተጻፈ ርዕስ እንደሚጮህ ያስተምራሉ። ይህን ለአማርኛ ገጽ መገልበጥ ስህተት ነው፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ተብሎ የተከፈለ አይደለም። እኛ ዘንድ የርዕስን ጉልበት የሚሸከሙት መጠን፣ ውፍረት፣ ቀለምና በዙሪያው የተተወው ቦታ ናቸው። ወፍራም ፊደል በትንሽ መጠን ሲታተም እንደ «ጿ» ያሉት ውስጣቸው ይደፈናል፤ ይህንንም አስተውሉ።

ባዶ ቦታን «ሳይጠቀሙበት የቀረ» ብሎ ማለፍም ተለምዷል። ስለ በገና በተጻፈ ገጽ ላይ ሰፊ ህዳግ የሁዳዴን ጸጥታ ሊያመጣ ይችላል።

ገጹ ለማንበብ ካስቸገረ ወዲያው «መጥፎ ንድፍ» ብሎ መፍረድስ? «ሬይ ገን» በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ንድፍ አውጪው ዴቪድ ካርሰን ከእንግሊዛዊው ድምፃዊ ብራያን ፌሪ ጋር የተደረገውን ቃለ ምልልስ አሰልቺ ሆኖ ስላገኘው፣ ፊደል በሌለው የምልክቶች ስብስብ አቀናብሮ አወጣው። የሚነበበው ቅጂ በዚያው እትም መጨረሻ ላይ ታተመ። እኔ በበኩሌ ጽሑፍ እንዲነበብ ከሚሹት ወገን ነኝ። ተንታኝ ግን ከፍርዱ በፊት መጽሔቱ ለማን እንደተሠራ መጠየቅ አለበት፤ የ«ሬይ ገን» አንባቢ ሥርዓትን የሚጥስ ሙዚቃ አድማጭ ነበር፤ ገጹም ያንኑ ጠባይ ይዟል።

በመጨረሻ፣ ጥንዱን ገጽ፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚገለጡትን ሁለት ገጾች፣ በስልክ አንድ በአንድ አይታችሁ አትጻፉ። የታተመውን ፈልጋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። በሁለቱም ገጾች ላይ የተዘረጋ የማሲንቆ ፎቶግራፍ አስታውሳለሁ። በስልክ ሲታይ ከፈረስ ጭራ የተሠራችው ያቺ ብቸኛ ክር ቁልጭ ብላ ትታያለች። በታተመው ላይ ግን ያረፈችው በትክክል ስፌቱ ላይ ስለሆነ እጥፋቱ ውጧት ነበር፤ አዝማሪው ክር የሌለው ማሲንቆ ይዘው ቀርተዋል።