ማይግሬን በመድኃኒት እምቢ ሲል፦ ወደ መርፌ የሚቸኩሉ ሰዎች ስህተቶች

«ዶክተር፣ መድኃኒት ሁሉ እምቢ አለኝ፤ መርፌውን ይስጡኝ።» የትኛው መድኃኒት፣ በምን መጠን፣ ለስንት ጊዜ ብዬ ስጠይቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አሚትሪፕቲሊን ዐሥር ቀን ወስጄ እንቅልፍ ስላበዛብኝ ተውኩት» ይሆናል። ይህ መድኃኒት ገና አልተሞከረም። የማይግሬን መከላከያ በተገቢው መጠን ሁለት ወር ያህል ሳይወሰድ አልሠራም አይባልም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ማስታገሻን ሳይቆጥሩ መዋጥ ነው። አንዲት መምህርት ቦርሳዋን ስትገለብጥ ባዶ የካፈርጎት ማሸጊያ ከጠመኔ ብናኝ ጋር ጠረጴዛዬ ላይ ተዘረገፈ። ክፍል ከመግባቷ በፊት አንድ ትውጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «እንዳይጀምረኝ» ብላ ሌላ ትደግማለች። ካፈርጎት ኤርጎታሚንና ካፌይን ነው፤ እርሷ በላዩ ቡናውን እስከ በረካ ትጠጣለች! ኤርጎታሚንን፣ ትሪፕታንን (ለማይግሬን ሕመም ተብለው የተሠሩ ማስታገሻዎችን) ወይም ኮዴይን ያለበትን ማስታገሻ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን ብቻውን ደግሞ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊሆንበት ይችላል። የሚቆጠረው ቀኑ ነው፤ «አንድ ፍሬ ብቻ እኮ ነው» የሚለው ክርክር አያዋጣም። ማስታገሻው ሲቆም ሕመሙ መጀመሪያ ይብሳል። ማጅራት ላይ የሚሰጠው የነርቭ ማደንዘዣ መርፌ እነዚህን ክፉ ቀናት ለማሻገር ይረዳል፤ ለመምህርቷም ያደረግነው ይህንኑ ነው። የጠየቀችው ቦቶክስ፣ ማለትም ጡንቻ የሚያላላው መርፌ፣ በኋላ አላስፈለጋትም።

ቦቶክስን ካነሳን፣ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የተፈቀደው ሥር ለሰደደ ማይግሬን ነው፤ ማለትም በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሱን ለሚያመው ሰው። በወር አራት ቀን ለሚያመው አይደለም። አሰጣጡም 155 ዩኒት በግንባር፣ በሰሪሳራ፣ በማጅራት፣ በአንገትና በትከሻ 31 ቦታ ተከፋፍሎ ነው፤ በየ12 ሳምንቱም ይደገማል። ለሽብሽባት ግንባሩን ብቻ የተወጋ ሰው የማይግሬን ሕክምና አግኝቻለሁ አይበል። በአንድ ዙር ተስፋ መቁረጥም ችኮላ ነው።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም የራስ ቅላችሁ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ካላችሁ፣ መርፌው ከመዘጋጀቱ በፊት ተናገሩ። ማደንዘዣው ስቴሮይድ ከተቀላቀለበት በተወጋው ቦታ ፀጉር ሊነቀል እንደሚችልም አስቀድማችሁ እወቁ።

በአንዳንድ ሰው ልብ ውስጥ ከልደት ጀምሮ ሳይዘጋ የሚቀረውን ትንሽ ቀዳዳ ለማይግሬን ሲባል ለማስደፈን ገንዘብ የምታሰባስቡ ደግሞ ቆም በሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው «ሚስት» የተባለው የብሪታንያ ጥናት 147 ሰዎችን አወዳድሮ ነበር። ማይግሬኑ ጨርሶ የቆመላቸው ቀዳዳቸው ከተደፈነላቸው ሦስት፣ ካልተደፈነላቸውም ሦስት ብቻ ነበሩ።

ለቀጠሮ ስትመጡ የሦስት ወር የቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ ኑ፤ ራሳችሁን ያመማችሁን ቀን አክብቡ፣ ማስታገሻ የዋጣችሁበትን ቀን ሰርዙ። በስልካችሁ የምታሳዩኝ የመርፌ ቪዲዮ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።