«እንዴት እንጥራዎ?»፦ በአማርኛ ሮልፕሌይ ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ በቴሌግራም ሮልፕሌይ የምንጫወት ሰዎች አለን። ከኮምቦልቻ የሚገቡም አሉ። አጨዋወቱ ቀላል ነው። ገፀ ባህሪ ትፈጥራላችሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ ትሰጡታላችሁ። ከዚያ በጽሑፍ፣ አንዳንዴም በድምፅ፣ እሱን ሆናችሁ ትኖራላችሁ። አንዱ ሰኞ ገበያ እህል ነጋዴ ነው፤ አንዷ መናኸሪያ ውስጥ ተራ አስከባሪ ናት።

እኔ ከአድሚኖቹ ጋር ነኝ። ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ሠርተናቸዋል። በእነሱ ምክንያት ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች ጥለውን ሄደዋል። ሌላ ግሩፕ ውስጥ እንዳይደገሙ ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

ገፀ ባህሪውንና ተጫዋቹን አንድ ማድረግ

ጋሽ ይማም የሚባል የሲኖትራክ ሹፌር ነበረን። ከኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጂቡቲ የሚመላለስ፣ ዕድሜው ሃምሳ አምስት፣ በረካውን ሳይጠጣ ከቡና የማይነሳ ሰውዬ። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ መኪናውን በሁለተኛ ማርሽ እንዴት እንደሚይዘው ሲጽፍ፣ መሪው እኛ እጅ ላይ ያለ ይመስለን ነበር።

አንድ ማታ ጋሽ ይማም በድምፅ ገባ። የሴት ድምፅ ነበር። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ «እንዴ! ሴት ነሽ እንዴ?» አለ። ሌላው ሳቀ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ጋሽ ይማም ፍተሻ ላይ ሲቆም «ቆንጆ፣ ወዴት ነው?» ይባል ጀመር። እኛ አድሚኖች ቀልድ ነው ብለን አለፍነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተጫዋቿ ወጣች።

ልጅ ሆኖ እቃቃ ያልተጫወተ ማን አለ? ሴቷ ልጅ አባት ሆና ከሥራ ትመጣለች። ወንዱ በቆርቆሮ ጭቃ እያማሰለ ወጥ ይሠራል። «አንተ ወንድ ነህ፣ እናት አትሆንም» የሚል ልጅ ከመጣ ጨዋታው እዚያው ይፈርሳል። ከአራቱ የወሎ ቅኝቶች አንዱም «አንቺ ሆዬ» ነው ስሙ። ሴት ድምፃዊት ስትዘፍንበት «አንቺ የምትዪው ማንን ነው?» ብሎ የጠየቃት ሰው አላየሁም።

አሁን ሁለት ክፍል አለን፤ አንዱ የጨዋታ፣ ሌላው የወሬ። በጨዋታው ክፍል ድምፁ ምንም ይሁን ጋሽ ይማም ጋሽ ይማም ነው። በወሬው ክፍል ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ በመረጠው አጠራር ይጠራል።

«ለምን ወንድ ሆንሽ?» ብሎ መጠየቅ

ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ታሪኩ ስለጣመው ነው። አንዳንዷ በሴት ስም በገባች ቁጥር በግል የሚጽፍላት ሰው ስለበዛባት፣ በወንድ ስም ስትጫወት እፎይ ትላለች። ውስጡ የሚሰማውን ፆታ ቤቱም ሰፈሩም መናገር ያልቻለ፣ እዚህ በመረጠው ስም ሲጠራ ብቻ የሚተነፍስ ሰውም አለ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። ማን የትኛው እንደሆነ መለየት የአድሚን ሥራ አይደለም። ይህ ጥያቄ ሲመጣበት የመጨረሻው ሰው ወይ ይዋሻል፣ ወይ ይሄዳል። እኔ ሁለቱንም አልፈልግም።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወተው የመጀመሪያው የጽሑፍ ዓለም፣ ማድ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ነው የተጀመረው። በ1990 የተከፈተው ላምዳሙ የሚባል ሌላ የጽሑፍ ዓለም ደግሞ ከወንድና ከሴት ሌላ በርካታ የፆታ አማራጮች ነበሩት፤ እያንዳንዱም የራሱ ተውላጠ ስም ነበረው።

ግሱን መርሳት

በእንግሊዝኛ የሚጫወቱ ሰዎች ክርክራቸው ባመዛኙ «እሱ» እና «እሷ» ላይ ነው። የእኛ ነገር ከዚያ ይሰፋል። «መጣህ» «መጣሽ»፣ «ብላ» «ብዪ»፣ «የት ነበርክ» «የት ነበርሽ»። አማርኛ ፊት ለፊት ያለውንም ሰው በፆታ ነው የሚያናግረው።

«እኔ» ግን ፆታ የለውም። «ሄድኩ» ያለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ራሱ ወር ሙሉ ሊጽፍ ይችላል፤ ፆታውን የሚወስንለት ግን መጀመሪያ ያናገረው ሰው የተጠቀመበት ግስ ነው። ያ ግስ ግምት ነው። ሌሎቹ ያንኑ ይዘው ይቀጥላሉ። ግምቱ ስህተት ከሆነ በየዓረፍተ ነገሩ ይደገማል። እንዲህ ዓይነት ነገር የደረሰበት ሰው «እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ነበር» ብሎኛል።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ከመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ፆታ» የሚለውን አወጣን። በምትኩ «እንዴት እንጥራዎ?» ብለን አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ የሚሉ ምርጫዎች አስገባን። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ አንዴ ለገፀ ባህሪው፣ አንዴ ለተጫዋቹ። መልሱን በፈለጉ ጊዜ መቀየር ይቻላል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ግሩፑ ውስጥ በራሱ መልእክት የሚልከውን ፕሮግራም፣ ቦቱንም፣ አረምነው። ለሁሉም «ተመዝግበሃል» ይል ነበር። አሁን «ምዝገባው ተጠናቋል» ይላል። «ተራህ ነው» የነበረው «ተራው የጋሽ ይማም ነው» ሆነ። «ሞተሃል» የሚለውም «ሕይወት አልቋል» ተባለ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ባለመሥራታችን ግን ሴቶቹ ሁሉ ገና በር ላይ «ሃ» እየተባሉ ነበር የሚገቡት።

አንቱታ ጥሩ መውጫ ነው። ፆታ የለውም፣ እኛ አገርም ቤተኛ ነው። ግን ለሁሉም አይሆንም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅን «እርስዎ» ብትሉት ያሾፋችሁበት ይመስለዋል። ጓደኞቹ ሁሉ «አንተ» እየተባሉ እሱ ብቻ በአንቱታ ከተጠራ ደግሞ ለብቻው አቆማችሁት ማለት ነው። ስለዚህ የሚመርጠው ራሱ ይሁን።

እናት ስታቆላምጥ ወንድ ልጇን «አንቺ» ትለው የለ? እሱ ፍቅር ነው። በማላገጥ የተባለውን «አንቺ» ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። የተባለው ሰው «ይቅርብኝ» ካለ ግን፣ በፍቅርም የተባለ ቢሆን ይቅር።

ሴት ገፀ ባህሪን አስተናጋጅና ሙሽራ ብቻ ማድረግ

የድሮውን ወሎ ስንጫወት አንዷ የጦር መሪ የሆነች ሴት ይዛ መጣች። «ታሪኩን የጠበቀ አይደለም» ብለን ልንመልሳት ነበር። ከተጫዋቾቹ አንዱ የወሎዋን ገዢ ወርቂትን አስታወሰን። በ1857 ዓ.ም ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ የተጠጉት ወርቂት ዘንድ ነው። የወርቂት ልጅ ያኔ በቴዎድሮስ እጅ ነበር። ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፏቸው፤ ልጃቸው ተገደለ። ይህ የሆነው እዚሁ አገራችን ነው፤ «ሴት እንዲህ አትሆንም» የምንለው ግን እኛው ነን።

በተቃራኒውም ያው ነው። ቡና የሚያፈላ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ ለቅሶ ላይ ሙሾ የሚያወርድ ወንድ መጫወት የፈለገ ሰው ጦር እንዲይዝ አይገደድ።

እውነተኛ ስም ወይም ድምፅ ካላሳያችሁ ማለት

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ባለቤት ብሊዛርድ፣ በውይይት ገጾቹ ላይ የሚጽፍ ሁሉ በእውነተኛ ስሙ እንዲወጣ አደርጋለሁ ብሎ ነበር። ተጫዋቾቹ ተቆጡ። በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ተወው።

ደሴ ደግሞ ጠባብ ናት። ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ እስክትደርሱ ስንት ሰው ሰላም እንደምትሉ ታውቁታላችሁ። እዚህ ከተማ የአንድ ሰው ጨዋታ ስክሪንሾት ተነስቶ አጎቱ ስልክ ላይ ቢገባ፣ የሚከተለው ሐሜት ብቻ አይደለም። ከቤት መባረር አለ፣ ዱላ አለ። ስለዚህ ስክሪንሾት ወደ ውጭ ያወጣ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ ይወገዳል። የቅርብ ጓደኛዬም ቢሆን። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ነፃነትን «ያሻኝን አደርጋለሁ» ማለት አድርጎ መውሰድ

የፈለጋችሁትን ገፀ ባህሪ መያዝ መብታችሁ ነው። የሌላውን ገፀ ባህሪ አልጋ ላይ መጎተት ግን አይደለም። የፍቅር ትዕይንት ከጨዋታው ውጭ ተጠይቆ፣ እሺ ተብሎ ነው የሚጀመረው። ማንም «በቃ» ካለ ያልቃል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ያለበት የፍቅር ትዕይንት ጭራሽ የለም።

ይቅርታን ማስረዘም

ይህን ስህተት ብዙ ሰው ልብ አይለውም። አንዱ ተሳስቶ «አንተ» ይላል። ከዚያ ሃያ መስመር ይጽፋል፤ «በጣም አፍሬያለሁ፣ እኔ እንደዚህ ዓይነት ሰው አይደለሁም…»። የተበደለችው ተመልሳ እሱን ማጽናናት ትጀምራለች። ሁሉም ሰው ወደ እሷ ዞሮ ያያል። «ይቅርታ፣ አንቺ» ብሎ መቀጠል ይበቃል።

ለጋሽ ይማም ግን እንዲያ ያለው አጭር ይቅርታ አይበቃም ነበር። የተበላሸው አንድ ቃል ሳይሆን ያን ሁሉ ቀን ዝም ማለታችን ነው። ለተጫዋቿ በግል ጻፍኩላት። ሲሰድቧት አይቼ ዝም ማለቴን ነገርኳት። የቀየርነውን ሕግ ላኩላት። ተመለሺ አላልኳትም፤ እሱ የእሷ ነው።

ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ማታ በጨዋታው ክፍል እንዲህ የሚል መጣ፦ «ጋሽ ይማም ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ገባ። ሞተሩን አጠፋ። እግሩ ደንዝዟል። ቡና ያለው ቤት አለ?»

አንዱ ቶሎ መለሰ፦ «ኧረ ይግቡ ጋሼ! አቦሉ ገና መቅዳቱ ነው።»