ልጁ እጁን ሲያርገበግብ፣ ሲወዛወዝ፣ ራሱን ሲመታ የምንሰራቸው ስህተቶች

አንድ ነገር ደጋግሞ ማድረግ ኦቲዝም ላይ ብቻ አይደለም ያለው፣ ከጂን የሚመጡ ሲንድረሞች (ብዙ ምልክቶች አንድ ላይ የሚታዩባቸው ችግሮች) ላይም አለ፣ ምክንያቱ ግን ይለያያል። እዚህ ሀዋሳ ግን ለሁሉም መድሃኒቱ "ተው!" ነው።

ዋናው ስህተት እጅ ይዞ ማስቆም ነው። ባጃጅ ውስጥ ሲያርገበግብ ሰው አየን ብለን አፍረን እንይዘዋለን፣ እሱ እኮ ወይ ደስ ብሎት ነው ወይ ጩኸት በዝቶበት ራሱን እያረጋጋ ነው፣ ማንንም ካልጎዳ ተዉት በቃ። ሬት ሲንድረም ያለባት ልጅ ደሞ (ብዙውን ጊዜ ሴቶች ላይ ነው) እጇን ልብስ እንደሚያጥብ ሰው ስታሽ ብትቆጧትም አታቆምም፣ በፈቃዷ አይደለማ። ደህና የነበረች ህፃን ዕቃ መያዝ ካቆመች "ስታድግ ይተዋታል" እያላችሁ አትጠብቁ፣ ሀኪም ጋ ውሰዷት።

መያዝ ግን ሁሌም ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። ሌሽ ናይሃን ሲንድረም ያለባቸው ወንዶች ልጆች ሳይፈልጉ ከንፈራቸውንና ጣታቸውን ይነክሳሉ፣ እጃቸው ሲታሰር ነው ቀለል የሚላቸው፣ እሰሩን ብለው የሚጠይቁም አሉ።

በጣም የሚያናድደኝ ደሞ ልጁ ድንገት ራሱን መምታት ሲጀምር "አመሉ ነው" የሚባለው ነገር። መናገር የማይችል ልጅ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን ሲያመው በምን ይንገራችሁ? ኮርኔሊያ ዴ ላንግ ሲንድረም ላይ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስ የተለመደ ነው፣ ራስን መጉዳቱም ከዛ ህመም ጋር ሊያያዝ ይችላል። ቅጣት ከማሰባችሁ በፊት አስመርምሩት።

ፕራደር ዊሊ ሲንድረም ያለበት ልጅ ያንኑ ጥያቄ መላልሶ ሲጠይቅ "ነገርኩህ እኮ!" ብሎ መጮህ ጭራሽ ያባብሰዋል። አንዴ መልሱለት፣ ከዛ የቀኑን ፕሮግራም በስዕል ግድግዳ ላይ ለጥፉና እሱን አሳዩት። ልጁ ራበኝ ባለ ቁጥር ዳቦ እንዳይሰጠው ለጎረቤትም ንገሩ፣ ጥጋብ የሚያሳውቀው የአንጎሉ ክፍል በትክክል አይሰራም።

ሳይነግሩ መንገድ መቀየርም አለ። የህፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 (እንደ ፈረንጅ) ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ ነገሮች እንዳይቀየሩ አጥብቆ መፈለግን ዋና ምልክት አድርጎ ነው ያስቀመጠው፣ ስለዚህ ባጃጁ በሌላ በኩል የሚዞር ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩት።

ጸበል መውሰዱን አልቃወምም፣ የሚጥል በሽታ መድሃኒት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው፣ ሬት ሲንድረምም አንጀልማን ሲንድረምም (ይሄም ከጂን የሚመጣ ነው) ላይ የሚጥል በሽታ በብዛት አለ። አንዳንዴ የሚደጋገመው እንቅስቃሴና የሚጥል በሽታው ስለሚመሳሰሉ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹና ለሀኪሙ አሳዩ፣ ከመጀመሩ በፊት ምን ሆኖ እንደነበርም ጻፉ።